ስሟን በሉ

እትዬ ጥሩወርቅ ማረፋቸውን በስልክ የነገረኝ ታፈሰ ነው። ድምፁን ለመለየት ሁለተኛ ቃል አላስፈለገኝም። ዶሮ ማነቂያ በረንዳ ላይ የሴት ቀሚስ ይሰፋ የነበረው ታፈሰ አሁን የእድሩ ጸሐፊ ሆኗል። ቀብሩ በማግስቱ ስድስት ሰዓት ላይ እንደሆነ ነገረኝና፣ አንቺ መቼም የጽሕፈት ሰው ነሽ፣ የሕይወት ታሪካቸውን ጻፊልን አለኝ። ሬሳው ከመውረዱ በፊት በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ የምትነበበውን ግማሽ ገጽ ማለቱ ነው። ስልኩን ከመዝጋቱ በፊት አንድ ነገር አሳሰበኝ።

"የሰፈሩ ሰው ሁሉ ከእሳቸው ጋር ሆኖ፣ ከሩቅ የመጡትን ሴቶች ልጆች እንደ ዓይኑ ብሌን ይጠብቅ እንደነበር አስገቢበት።"

እሺ አልኩት። ግማሽ ገጹን ጻፍኩ። ያቺን ዓረፍተ ነገር አላስገባሁም። አሁን የምጽፈው ከግማሽ ገጹ የተረፈውን ነው። እትዬ ጥሩወርቅን አንቱ እያልኩ እጽፋለሁ፣ ታፈሰን ግን አንተ። ፊት ለፊት ሳገኘው አንቱ እለዋለሁ፤ በገዛ ወረቀቴ ላይ ግን የሚያስገድደኝ የለም።

አዲስ አበባ የገባሁት ደርግ ሥልጣን በያዘ በጥቂት ዓመታት ውስጥ፣ ከመቀሌ ነው። ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር። ታይፕ ተምሬያለሁ። ሥራ አለልሽ ነዪ ብሎ የጻፈልኝ አጎቴ አውቶቡስ ተራ ሊቀበለኝ ነበር፣ አልመጣም። ለምን እንዳልመጣ ያወቅሁት ከብዙ ጊዜ በኋላ ስለሆነ እዚህ አላነሳውም። በእጄ የነበረው አንድ ሻንጣና አንድ የይለፍ ወረቀት ነው። በዚያን ጊዜ ከክፍለ ሀገር ክፍለ ሀገር ያለ ይለፍ ወረቀት መንቀሳቀስ አይቻልም። የእኔ የሚያገለግለው ለአሥራ አምስት ቀን ብቻ ነበር።

እየጠየቅሁ ፒያሳ ደረስኩና አንድ አልጋ ቤት ገባሁ። ቀን ነው፤ ፀሐይ ገና አልበረደችም። ከባንኮኒው ኋላ የተቀመጠው ሰው ከእግሬ እስከ ራሴ አየኝ።

"ለስንት ሰዓት ነው?" አለኝ።

አልገባኝም። ለሁለት ቀን አልኩት። ቅላፄዬን ሲሰማ ሳቀና፣ ሴት ብቻዋን እንደማያሳድሩ፣ ሰውዬዬ ሲመጣ አብረን እንድንመለስ ነገረኝ። ከደረጃው ሥር የተጠቀሙበትን አንሶላ በትልቅ ጨርቅ የሚቋጥሩ ቀጭን፣ ጠይም ሴት ነበሩ። ቀና ሳይሉ፣ "የእህቴ ልጅ ናት፣ እኔን ፍለጋ ነው የገባችው" አሉት። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው፣ "ምን ትገተሪያለሽ? ያንን በኩል ያዢ" አሉኝ።

የማላውቃቸውን ሰዎች አንሶላ በአንድ በኩል ይዤ ከማላውቃቸው ሴት ጋር በፒያሳ መሐል ሄድኩ። ዶሮ ማነቂያ እስክንደርስ አንድ ወንድ አልለከፈኝም። አንሶላ የተሸከመችን ሴት ሠራተኛ ናት ብለው ያልፏታል አሉኝ፤ ለዚህ ብለው ነው ያሸከሙኝ።

እትዬ ጥሩወርቅ ኑሯቸው ለፒያሳና ለውቤ በረሃ አልጋ ቤቶች አንሶላ ማጠብ ነው። ባላቸው ትተውላቸው ከሞቱት ቤቶች መንግሥት ትርፍ ያለውን ወስዶ ሁለት ክፍል ቀርቶላቸዋል። በአንዱ እሳቸው፣ በሌላው ብቻቸውን ከክፍለ ሀገር የመጡ ሴቶች ያድሩ ነበር። ቤት ማከራየት ስለተከለከለ ሁላችንም በቀበሌው መዝገብ ላይ የእህት ልጆች ነን። አንዷ ከጎጃም፣ አንዷ ከወለጋ፣ እኔ ከትግራይ። እኔን ሊያስመዘግቡ ሲሄዱ መዝጋቢው እስክሪብቶውን አስቀምጦ፣ እህትዎ ስንት ባል ነው ያገቡት ብሎ ጠየቃቸው። "አንተ መዝግብ፣ ባል ቆጠራውን ለእሷ ተውላት" አሉት። ሳቀና መዘገበኝ።

ደግ ሴት ነበሩ ብዬ በግማሽ ገጹ ላይ ጽፌያለሁ። ደግ አልነበሩም፣ ሌላ ነገር ነበሩ። የመጣልንን ደብዳቤ ከእኛ ቀድመው ይከፍታሉ። ማንበብ ስለማይችሉ ጎረቤት ያስነብባሉ። አነጋገሬን በሰው ፊት እየቀዱ ያስቁብኛል። ሳሙና ካባከንን ቀኑን ሙሉ ያኮርፋሉ። አጎንብሼ ስሄድ ካዩ፣ "ቀና በይ፣ መሬት ላይ ምን ጣልሽ?" ይላሉ። እጃቸው በበረኪና ተበልቶ ጥፍራቸው ነጥቶ ነበር። ማንኛውንም ጨርቅ ውሃ ውስጥ ከመክተታቸው በፊት በሁለት እጃቸው ዘርግተው ወደ ብርሃን ያያሉ። አንዴ ለምን እንደሆነ ስጠይቃቸው፣ አልጋ ቤት ብቻዋን ያደረች ሴት ምን እንደገጠማት ባለቤቱም ፖሊሱም ሳይሰማ እሳቸው ጠዋት ላይ እንደሚያውቁ ነገሩኝ። ሴቶቹን ወደ ቤት ማምጣት የጀመሩት በዚያ ምክንያት ነው። የመጀመሪያዋ ማን እንደነበረች ስጠይቃቸው የያዙትን አንሶላ ውሃ ውስጥ ከተቱት።

ሥራ አገኘሁ፤ ከማዘጋጃ ቤቱ በላይ ባለ አንድ መሥሪያ ቤት፣ በጊዜያዊነት። የቀበሌ መታወቂያ ካመጣሁ ይቀጥሩኛል፣ ካላመጣሁ ያሰናብቱኛል። መታወቂያውን ለማውጣት ደግሞ የይለፍ ወረቀቱ መታደስ አለበት።

በመጀመሪያው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ እትዬ ጥሩወርቅ ንጹሕ ነጠላ ለብሰው ከመሥሪያ ቤቴ ደጃፍ እስከ ቤታችን መንገዱን ከደጅ ደጅ ይዘውኝ ወረዱ። ሰፈሩን ሊያስተዋውቁኝ መስሎኝ መንገዱን አሁን አውቄዋለሁ ስላቸው ቆሙ።

"አንቺ መንገዱን ብታውቂው ምን ያደርግልሻል? መንገዱ ይወቅሽ።"

ሰዓት ሠሪው ጋ ቆምን፤ ሥጋ ቤቱ ጋ ቆምን። በየደጁ የሚሉት ቃል አንድ ነው። "ይቺ ልጄ ናት። ብቻዋን ስታልፍ ብታዩ፣ ብቻዋን አይደለችም። ስሟን በሉ።" ሰውየው ስሜን ጮክ ብሎ ካልጠራ አይንቀሳቀሱም። ወንዶቹ ያፍራሉ፣ ይስቃሉ፣ በመጨረሻ ይጠሩታል። ውቤ በረሃ ጫፍ ላይ ቡና ቤት ያላት ፋንታዬ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ፣ ልጅዎን እኔ ጋ ሲያመጡ ትንሽ አይፈሩም ወይ አለቻቸው። "ማን ሰክሮ እንደሚወጣ ካንቺ በፊት የሚያውቅ አለ? ቀድመሽ ታስጠነቅቂያታለሽ" አሏት። ፋንታዬ ስሜን ሦስት ጊዜ ጠራችው።

የመጨረሻው በረንዳ የታፈሰ ነበር። ከከንፈሩ መሐል ስፒሎቹን አንድ በአንድ አውጥቶ ስሜን ጠራ። ማንም ሳይጠይቀው ደግሞ ጨመረበት።

"እኔ እዚህ በረንዳ ላይ እያለሁ ዝንብ አያርፍባትም።"

እውነቱን ልናገር፣ የእትዬ ጥሩወርቅ ዘዴ ሠርቷል። ከሥራ ስመለስ ስሜ ከደጅ ደጅ ይቀባበለኛል። "ዛሬ ቀደም አልሽ!" ይላል ሥጋ ቤቱ። "ቤት ገባሽ?" ይላል ሰዓት ሠሪው፣ ገና ከበሩ ሳላልፍ። አንድ ቀን አንድ ሰው ከሲኒማ ቤቱ ጀምሮ ተከተለኝ። እርምጃዬን ሳፈጥን ያፈጥናል። ሰዓት ሠሪው አየና ስሜን ጠራ፤ ስሜን የሰማው ሥጋ ቆራጭ ቢላዋውን እንደያዘ ወጥቶ በሩ ላይ ቆመ። ዞር ስል ሰውየው የለም። በዚያች ማታ አዲስ አበባ ከገባሁ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳልባንን ተኛሁ።

እዚህ ላይ ቢያበቃ ኖሮ የታፈሰ ዓረፍተ ነገር እውነት ይሆን ነበር።

ከታፈሰ በረንዳ ፊት ለፊት የቀበሌው ጥበቃ ክፍል ነበረ። አለቃው ሲሳይ ይባላል፤ የሰፈሩ ልጅ ነው። እናቱ ስትሞት ጡት አልጣለም ነበር፣ እትዬ ጥሩወርቅ በጀርባቸው አዝለውት አንሶላ እያጠቡ አሳደጉት። ጠመንጃ ከያዘ በኋላም ሲያገኛቸው ጉልበታቸውን ይስማል። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ይለፌ አልቆ ሥራዬ ሊያመልጥ ሲል፣ እጄን ይዘው እሱ ጋ ወሰዱኝ። ሰው ቆሞ ያይ ነበር፤ እንዲያይም ፈልገዋል።

"ሲሳይዬ፣ ይቺን አደራ ሰጥቼሃለሁ። ወረቀቷም አንተ ጋ ይቀመጥ፣ አሳድስላት" አሉት።

"የእማማ አደራ ነው፣ በዓይኔ ነው የምጠብቃት" አለ።

ወረቀቱን ከእጄ ወስደው በገዛ እጃቸው ሰጡት። ያዘሉት ልጅ፣ በዚያ ላይ አደራ የተቀበለ፣ በዚያ ላይ በሰው ፊት። ለእሳቸው ከዚህ የጠበቀ መቆለፊያ አልነበረም። የዚያን ቀን እኔም አምኜ ነበር፤ ይህንንም መደበቅ አልፈልግም።

በማግስቱ ከሥራ ስወጣ ሲሳይ ጠመንጃውን አንግቶ በሩ ላይ ቆሟል። አደራዬን ልሸኝ ነው አለ። መጀመሪያ ጥቂት እርምጃ ራቅ ብሎ ይከተለኛል፣ በኋላ ጎን ለጎን ይሄዳል፣ በኋላ ክንዴን ይይዛል። ያልጠበቅሁት ነገር የመንገዱ ዝምታ ነው። ከሲሳይ ጋር ስሄድ ስሜን የሚጠራ ጠፋ። ሥጋ ቤቱ ፊቱን ወደ ውስጥ ያዞራል፣ ሰዓት ሠሪው መነጽሩን ዓይኑ ላይ ይሰካል። ጠባቂ አላት ተባለ። አንዳንዱ ወዳጅ ይዛለች ማለት እንደጀመረ ፋንታዬ ነገረችኝ።

ወረቀቴን ስጠይቀው ዛሬ ነገ ይለኛል። በመጨረሻ፣ ወረቀቴ እንዳለቀና ከየት እንደመጣሁ እንደሚያውቅ፣ እዚህ ከተማ ያለሁት እሱ ዝም ስላለ ብቻ እንደሆነ ረጋ ብሎ ነገረኝ። ከሰሜን መጥታ ያለ ወረቀት የተገኘች ልጅ በዚያን ጊዜ ወዴት እንደምትወሰድ ሁለታችንም እናውቃለን። ቅዳሜ ከምሳ በኋላ ጥበቃ ክፍል መጥተሽ ውሰጂ፣ ብቻሽን ነዪ አለኝ።

ለእትዬ ጥሩወርቅ የነገርኳቸው ዓርብ ዕለት ነው። የታጠበ አንሶላ በአንድ ጫፍ እሳቸው፣ በአንድ ጫፍ እኔ ይዘን እየጠመዘዝን ነበር። ሲሳይ ያለኝን ሁሉ ነገርኳቸው። ክንዴን እንደሚይዝ ነገርኳቸው። እጃቸው መጠምዘዙን አላቆመም።

"ሲሳይ እንዲህ አይልም። በጀርባዬ ያደገ ልጅ ነው።"

"እትዬ፣ እፈራለሁ።"

"አንቺ ፍርሃቱን ካገርሽ ይዘሽው ነው የመጣሽው። እኔንስ አልጋ ቤት ያገኘሁሽ ቀን አልጠረጠርሽኝም? ሂጂና ወረቀትሽን ተቀበይ።"

ጫፉን ለቀቅሁት። አንሶላው ጭቃ ላይ ወደቀ። የዚያን ቀን የተቆጡኝ ስለ አንሶላው ነው።

ቅዳሜ ሄድኩ። መሄድ አልነበረብሽም የሚለኝ ካለ፣ ሌላ የምሄድበት ቦታ ይንገረኝ። በሩ ሲዘጋ ፀሐይ በመስኮቱ ገብታ ወለሉ ላይ ነበረች።

እዚያ ውስጥ የሆነውን አልጽፍም። ለማንም ተናግሬው አላውቅም። የምጽፈው እኔ ያደረግሁትን ነው። ስም ጠራሁ። የተማርኳቸውን ስሞች ሁሉ፣ ከመሥሪያ ቤቴ ደጃፍ ጀምሬ እንደ አሰፋፈራቸው ጠራሁ። ሰዓት ሠሪው፣ ሥጋ ቤቱና ፋንታዬ ሩቅ ናቸው፤ ሊሰሙኝ አይችሉም ነበር፣ አልወቅሳቸውም። ታፈሰ ግን ከመስኮቱ ማዶ ነው። የስፌት መኪናው ይሰማኛል። አቶ ታፈሰ ብዬ ስጠራ መኪናው ቆመ። ሁለተኛ ጠራሁት። መኪናው ተነሳ፤ ከበፊቱ ፈጠን ብሎ።

ወረቀቱንም አልሰጠኝም። የሚቀጥለው ቅዳሜ አለኝ።

ቤት ስገባ እትዬ ጥሩወርቅ ገንዳው አጠገብ ነበሩ። ቀሚሴን አውልቄ ሌላ ለበስኩና፣ ራሴ ላጥበው ወደ ገንዳው ይዤው መጣሁ። ከእጄ ወሰዱት። እንደ ልማዳቸው በሁለት እጃቸው ዘርግተው ወደ ብርሃን ያዙት። ለረጅም ጊዜ አዩት። ከዚያ ወደ ውሃው ዝቅ አደረጉትና እጃቸው ውሃው ላይ ቆመ። አላጠቡትም። አጥፈው ትራሳቸው ሥር አስገቡት። ይቅርታ አላሉኝም። እሳት አንድደው ውሃ አሞቁልኝ፣ እስክታጠብ ጀርባቸውን ሰጥተውኝ በሩ ላይ ተቀመጡ።

እሑድ ረፋድ፣ ሰው ከቤተ ክርስቲያን ሲመለስ፣ ተነሺ አሉኝ። የት እንደምንሄድ አልነገሩኝም። ነግረውኝ ቢሆን እምቢ እል ነበር፤ ይህን ስለሚያውቁ ነው ያልነገሩኝ። እስከ መሥሪያ ቤቴ ደጃፍ ወጣን፤ ከዚያ ዞረን መውረድ ጀመርን። ያኔ ነው ከነጠላቸው ሥር ቀሚሴን አውጥተው ክንዳቸው ላይ የዘረጉት፤ መታየት ያለበት በኩል ወደ ውጭ ሆኖ። ልቀማቸው እጄን ዘረጋሁ። እጄን ያዙና አልለቀቁትም።

በእያንዳንዱ ደጅ ቆሙ። "ስሟን በሉ" አሉ።

ሰዓት ሠሪው ጨርቁን አየ፣ እኔን አየ፣ ስሜን ጠራ። ሥጋ ቆራጩ ጠራ። ፋንታዬ መጥራት አቅቷት አለቀሰች፣ እስክትጠራው ጠበቋት። ሰው ከኋላችን እየተከተለ በዛ። ለእኔ በሕይወቴ እንደዚያ ቀን የከፋ አልመጣም፤ ቅዳሜውም አልደረሰበትም። ቅዳሜን የሚያውቁት ሁለት ሰዎች ነበሩ፣ ሦስትም ልበል። እሑድን ያላወቀ የለም።

ታፈሰ በረንዳው ላይ ተቀምጧል። ሲያየን ተነሳ።

"እኔኮ አልሰማሁም ነበር" አለ፣ ገና ምንም ሳይጠየቅ።

"ሰማህ ወይ ያለህ አለ? ስሟን በል ነው ያልኩህ።"

ጠራው። ድምፁ አልወጣም፤ ድገመው አሉት፣ ደገመው።

ሲሳይ ከጥበቃው ክፍል ፊት አግዳሚ ላይ ነበር፣ ጠመንጃው ጭኑ ላይ። እትዬ ጥሩወርቅ ቀሚሴን ጠመንጃው ላይ ጣሉት።

"በዚህ ጀርባ አዝዬሃለሁ" አሉት። "ወረቀቷን አምጣ።"

"እማማ፣ ሰው እያየ ነው።"

"ሰው እንዲያይ ነው የመጣሁት።"

የሚተኩስ መስሎኝ ዓይኔን ጨፈንኩ። ስገልጥ ወረቀቱን ይዞ ከውስጥ እየወጣ ነበር። ተቀብለው ሳያዩኝ ሰጡኝ። ከዚያ ነጠላቸውን ከትከሻቸው አወረዱ፣ ፊቱ ላይ ሁለት ጊዜ አራገፉት፣ መልሰው ለበሱትና መንገዳቸውን ቀጠሉ።

በሦስተኛው ቀን መጥተው ወሰዷቸው። የአብዮቱን ጥበቃ በአደባባይ ማዋረድ የሚል ነበር ክሱ። ከዓመት በላይ ታሰሩ። ሲሳይ ወደ ሌላ ቀበሌ ተዛወረ፣ ከፍ ብሎም ተሾመ ሲባል ሰማሁ። እኔ በዚያው ሳምንት ሻንጣዬን ይዤ ጉለሌ ገባሁ። ወረቀቴን በሌላ ቀበሌ አሳደስኩ፣ ሥራዬ ጸናልኝ፣ ጡረታ እስክወጣ ሠራሁ።

ታሳሪ ስንቅ ይገባለታል። በመዝገብ ላይ ያሉት የእህት ልጆች ሁሉ ተራ ገብተው አመላለሱላቸው፤ ከጎጃም የመጣችው፣ ከወለጋ የመጣችው። እኔ አንድም ቀን አልሄድኩም። በሩ ላይ የራስን ስም መናገር ያስፈልግ ነበር፣ ስሜን ከዚያ በኋላ ጮክ ብዬ መናገር አልቻልኩም። ይህ ምክንያት ነው፤ በቂ ነው አላልኩም።

ሲፈቱ እግራቸው መንገዱን መውረድ ተስኖት ነበር። በር ላይ በርጩማ አስቀምጠው፣ ያለፈችን ሴት ሁሉ "ቤት ገባሽ ልጄ?" ሲሉ ይውላሉ ተባለ። ደርግ ከወደቀ በኋላ አንድ ቀን በዚያ በኩል አለፍኩ። ዓይናቸው ደክሟል። እርምጃዬን ሰምተው አንገታቸውን አቀኑ።

"ቤት ገባሽ ልጄ?"

አልመለስኩላቸውም። ከበስተኋላዬ፣ "ቀና በይ" ሲሉ ሰማኋቸው። አውቀውኝ ይሁን ለሁሉም የሚሉት ይሁን እስከ ዛሬ አላወቅሁም።

ብዙ ሴት በሰላም ቤቷ እንድትገባ አድርገዋል፤ ይህ ግማሽ ገጹ ላይ አለ። ስነግራቸው አላመኑኝም፣ ሲያምኑኝም ሳይጠይቁኝ በመንገድ ላይ ዘረጉኝ፤ ይህ የለም። ይቅር አላልኳቸውም። የረሳኋቸውም ቀን የለም።

ቀብሩ ላይ ግማሽ ገጹን እኔው አነበብኩት። ሰው መበተን ሲጀምር ታፈሰ ምርኩዙን ተደግፎ መጣ። አርጅቷል። የእድሩ ሰዎች አብረውት ነበሩ።

"ያቺን ነገር ረሳሻት" አለኝ።

"አልረሳኋትም አቶ ታፈሰ።"

ከዚያ ያልተዘጋጀሁበት ቃል ከአፌ ወጣ።

"ስሜን በሉ።"

የእድሩ ሰዎች እርስ በርስ ተያዩ። ታፈሰ መሬት መሬቱን አየ። ጣቶቹ ወደ ከንፈሩ ሄዱ፣ ከዚያ የሚያወጡት ስፒል ያለ ይመስል። ረስቶት ቢሆን ብዬ እንደዚያ ቀን ተመኝቼ አላውቅም።

አልረሳውም። ከነአባቴ ስም፣ ሁሉም እንዲሰማ አድርጎ ጠራው። እኔ ግን እዚህ አልጽፈውም።